የመምህር ሲንግ ንጉሥ

በጃንሆይ ዘመን ልጅ ሳለሁ፣ ቃሓውታ በሚባለው ሰፈር በነበረው ግቢያችን የኋላውን ክፍል የተከራዩት መምህር ሲንግ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ፤ እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራሉ። ጥምጥማቸው ገርሞን ብንጠይቃቸው ሃይማኖታቸው ሲክ እንደሚባል፣ አንድ አምላክ እንደሚያመልኩ፣ እሱ የሰጣቸውንም ጸጉር እንደማይቆርጡ ነገሩን። የብረት አምባራቸው ደግሞ እጃቸው ክፉ እንዳይሠራ ማስታወሻ ነበር።

ያኔ አመሻሽ ላይ ፈርኔሎ የምንለውን የከሰል ምድጃቸውን አቀጣጥለው ምስር ይሠሩና፣ የአከራዩን ልጅ ከልብስ አጣቢዋ ልጅ ሳይለዩ፣ ሁላችንንም ምንጣፍ ላይ በአንድ ረድፍ አስቀምጠው ራሳቸው እየዞሩ ያድሉን ነበር። «እኛ ዘንድ ማንም ከማንም ከፍ ብሎ አይበላም» ይሉናል። ከሰሉ አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ በተሰባበረ ትግርኛ ተረት ይጀምራሉ።

አንድ ምሽት፣ በጥንት ጊዜ የአገራቸው ንጉሥ ጉሩ የሚሉትን የሃይማኖት መምህር ሊያይ በዝሆን እንደመጣ አወሩን። ጉሩውም «መጀመሪያ ከሕዝቡ ጋር ብላ» አሉት፤ ንጉሡም በጠራጊና በገበሬ መካከል መሬት ላይ ተቀምጦ በላ።

በማግስቱ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተረት ተናገሩ ስንባል እጄን አወጣሁ። ስጨርስ መምህሩ ሳይስቅ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወሰደኝ።

«ማነው የነገረሽ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«መምህር ሲንግ።»

«ስለ ጃንሆይ ነው ያወራው?»

አልነበረም። ግን ሰውየው መስማት የፈለጉትን ከፊታቸው አነበብኩ።

«እወ» አልኩ።

«በአማርኛ!»

«አዎ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህር ሲንግ ከሥራ ተሰናብተው ሻንጣቸውን አዘጋጁ። በመጨረሻው ምሽት እንደ ወትሮው ምስር ሠርተው ጠሩን። ለእኔ ሲያድሉ ጎንበስ ብለው፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ተረቴን በአማርኛ ተናገርሽው አሉ። ጎበዝ!» አሉኝ። የቀረውን ያውቁ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ በላሁ፤ «የቐንየለይ» ብዬ አመስግኜም ወጣሁ።

አሁን ልጆች አሳድጌ ሳስበው፣ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው እላለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በራቸውን በቀን አሥር ጊዜ ሳላንኳኳ አልፌአለሁ። ያኔ የሚያስፈራኝ ማንም አልነበረም።