ከልጅነቴ ጀምሮ የበግ በሽታ እወድ ነበር፦ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩባቸው ዓመታት

መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ ጋሽ ይማም ኮምፒውተሩን ከፍተው አንድ ፋይል አሳዩኝ። ስሙ «ማስተርስ» ይላል።

«ስሙን ትቀይሪያለሽ፣ የትምህርቱን ዓይነት ትቀይሪያለሽ። ሌላውን እንዳትነኪ» አሉኝ።

ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሁሉ የሚልከው ደብዳቤ ነው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለዚህ ትምህርት ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። ከልጅነታቸው ጀምሮ መስኖ የሚያፈቅሩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሒሳብ አያያዝ የሚያፈቅሩ ሰዎች በእጄ አልፈዋል። አንዱማ ከልጅነቱ ጀምሮ የግዥና ንብረት አስተዳደር ያፈቅር ነበር። እናቱ እንዴት እንዳሳደገችው እንጃ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚባለውም ከኛው ቤት ይወጣል። አለቆች አይጽፉም፤ «ጽፋችሁ አምጡ፣ እፈርማለሁ» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ የእንስሳት ጤና ኃላፊው ዘንድ ሦስት ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ሳያነቡ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«ለመሆኑ ምን አልኩ?»

«ታታሪ፣ ትጉህና ቅን ነው ብለዋል።»

«ማን?»

«አወል።»

«አወል!» ማኅተሙን ትክ ብለው አዩት። «በቃ፣ አንዴ ብያለሁ።»

ደብዳቤ ከተጻፈላቸው ከሦስቱ አንዷ መዲና ነበረች። ከላላ አካባቢ ከመንደር መንደር እየዞረች በግና ፍየል የምትከትብ ባለሙያ ናት። በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ ተለዋውጦ ሱቃችን ገባች።

«ከዩኒቨርሲቲው ደወሉልኝ» አለች። «ሦስታችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ የበግ በሽታ ትወዱ ነበር ወይ አሉኝ። ኃላፊያችሁ ደግሞ ስለ አንቺ ሲጽፉ ‹እሱ› ይላሉ አሉኝ። ያረቢ! የምገባበት ነው ያጣሁት።»

«እና ተሰረዛችሁ?»

«እስከ ዓርብ እንደገና ጽፋችሁ ላኩ ብለውናል። እህቴ ከዱባይ ቪዛ ጨርሳልኛለች። ይሄ ካልሆነ መሄዴ ነው። የሰው ቤት ልጠርግ።»

ወንበር ሳብኩላት። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐፍረቱም የእኔ ነበር።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ሠርተሻል?» አልኳት።

«ምንም። ያው ሥራዬን ነው።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«መከተብ ነዋ።» ከዚያ «አንድ ነገር ግን ያበሳጨኝ ነበር» አለች።

የተከተቡ በጎች አንዳንድ መንደር ላይ እየሞቱ ያስቸግሯት ነበር። ሰዉ እርግማን ነው ይላል። እሷ ግን የሞቱትን በየመንደሩ የክትባት መዝገቡ ጀርባ ላይ ትጽፍ ጀመር። ሁለት ዓመት ጻፈች። የሚሞቱት ሁልጊዜ መጨረሻ በሚደረስባቸው መንደሮች ነው። በበቅሎ ተጭኖ እዚያ እስኪደርስ የክትባቱ ሳጥን በረዶ ይቀልጣል፣ መድኃኒቱም ይበላሻል። ከዚያ ወዲህ ከሩቁ መንደር እየጀመረች ወደ ቅርቡ ትመለሳለች፤ ለቅርቦቹ ከከተማ አዲስ በረዶ ቶሎ ይደርሳል። ሞቱም ቀነሰ።

«ይሄን ምንም ትይዋለሽ?» አልኳት።

ልክ እንደነገረችኝ ጻፍኩት። ጋሽ ይማም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ።

«ይሄ ማመልከቻ ነው የበግ ወሬ? ‹ከልጅነቴ ጀምሮ› የታለ?»

«የለም፣ ጋሼ። የጀመረችው ተቀጥራ ነው።»

ኃላፊው ዘንድ ይዤ የሄድኩት ባዶ ወረቀት ነው። ስለ መዲና የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ አልኳቸው።

«ምን አስታውሳለሁ? ዙሩ ይገልበጥ፣ ከሩቅ እንጀምር እያለች ነዘነዘችኝ እንጂ!»

«እምቢ አሏት?»

«ሦስት ጊዜ። ኋላ ሲሰለቸኝ እሺ አልኩ።» ጢማቸውን ዳበሱ። «ልክ ነበረች፣ ወላሂ።»

«ይሄንኑ ልጻፈው?»

«እኔ ተሳስቼ ነበር ብለሽ?»

«አዎ፣ አንቱ ከፈቀዱ።»

ማኅተሙን ወደ ጎን ገፋ አድርገው «ጻፊው» አሉኝ። ያን ቀን ደብዳቤ አንብበው ሲፈርሙ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ዓርብ ጠዋት ከተማው ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ። መዲና በሚኒባስ አቀስታ ሄዳ ከዚያ ላከችው። ከወር በኋላ «አለፍኩ!» ብላ ደወለች፣ ከዚያም ስልኩን ሳትዘጋ አለቀሰች። አወል አልተቀበሉትም። እሱ በድጋሚ የላከው ያንኑ ደብዳቤ ነው፤ «ፍቅር» የሚለውን «ጽኑ ፍቅር» አድርጎ።

ጋሽ ይማም ማለፏን እንደሰሙ «ማስተርስ»ን አጥፍተው የመዲናን ደብዳቤ በቦታው አስቀመጡ። በሳምንቱ አንድ የታሪክ መምህር ማመልከቻ ውስጥ በረዶ በበቅሎ ላይ ሲቀልጥ አገኘሁ።

አሁን የራሴ ሱቅ አለኝ። ለምትቀጠር ጸሐፊ ሁሉ የምነግራት ይህን ነው፦ አመልካቹ ምን እንደሠራ ጠይቂው። «ምንም» ካለሽ ደግመሽ ጠይቂው። ሳይነግርሽ አትጻፊ።