ካልሲ የጎረሰ ትራምፔት

የከተማችን ምሽት ዝናው ባሕር ተሻግሯል ይባላል። እንግዳው ለዚሁ ብሎ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ጋዜጣው ያሞካሻል፣ ሬዲዮው «ሙዚቃ እንደኛ ከተማ የት አለ!» እያለ ይለፈልፋል። እኔ ይህን ዝና የማውቀው በጀርባው በኩል ነው። የምሠራው ልብስ ንጽሕና ቤት ነው። የዚያ ስመ ጥር ጎዳና ጭፈራ ቤቶች የጠረጴዛ ልብሳቸውን፣ የሶፋ ሽፋናቸውን፣ የሙዚቀኞቻቸውን ኮት በከረጢት አጭቀው ጠዋት ጠዋት እኛ ደጃፍ ይወረውሩታል። ከረጢቱን ስፈታ መጀመሪያ ቢራው፣ ቀጥሎ ሲጋራው፣ ቀጥሎ ትውከቱ ይቀበለኛል። ከዚያ ሁሉ በላይ ሽታውን ይደብቅልናል ብለው የደፉበት ሽቶ አለ፤ እሱ ከትውከቱም ይብሳል። ሰው «የከተማው ባህል» ሲል ስሰማ፣ አቤት አቤት፣ ባህሉንስ በቢላ የምፍቀው እኔ ነኝ እላለሁ። ማስቲካ በሳሙና አይለቅም።

አንዴ አንድ እንግዳ ራሱ ያስታወከበትን ሸሚዝ ይዞ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ እግሩ አልጸናም። «ከተማችሁ ግን ድንቅ ናት» አለኝ። ምኗን እንዳየ ጠየቅኩት። አሰበ፣ አሰበ፣ ምንም አላስታወሰም። ሸሚዙን በነጋታው ወሰደ።

የማወራችሁ ግን ስለ ጨርቅ አይደለም፣ ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰፈርተኛው «ትንፋሽ» ይለዋል፣ እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ሥራው ትራምፔት መንፋት ነው። ነበር ልበል መሰለኝ።

ልጅ ሆኖ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባንድ ሲለማመድ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየ ነው ይህ ነገር የያዘው። አባታችን ቶሎ ስለሞተብን እናታችን የሰው ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችን። እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ እሱ ጓዳ ገብቶ በባዶ እጁ ይነፋ ነበር። በኋላ ያ ባንድ ራሱ ቀጠረው። ሰልፍ ላይ ነፋ፣ ምረቃ ላይ ነፋ፣ ቀብር ላይ ነፋ። አንድ ጊዜ የአንድ ክፉ ሹም ቀብር ላይ ሲነፋ፣ «እሰይ ተገላገልን» ሊሉ የመጡት ሳይቀሩ አለቀሱ። እናቴ ይህን ወሬ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ ለተቀመጠ ሁሉ ታወራለች፤ ሰውየው መውረጃው ቢያልፈውም ሳትጨርስለት አትለቀውም።

ከዚያ ባንዱ ፈረሰ። «ዘመኑ አልፎበታል» አሉ። ወንድሜ ቤት ዋለ። ትራምፔቱን ወልውሎ ወልውሎ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ሲያስተኛው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። የዚያ ጎዳና ዋነኛ የተባለው ቤት ሙዚቀኛ ይፈልጋል ሲባል ሮጦ ሄደ። ሲቀበሉት እናቴ መሬት ስማ አመሰገነች። «ልጄ ከሬሳ ተላቀቀ፣ አሁን ለደስተኛ ሰው ሊነፋ ነው» አለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

የቤቱን ባለቤት ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባው «ሽቶ» ነው የሚለው። ሳይደርስ አፍንጫችሁ ያውቀዋል፣ ከሄደም በኋላ ስታስነጥሱ ትውላላችሁ። ሽቶ በመጀመሪያው ቀን ወንድሜን ቀይ የሚያብለጨልጭ ኮት አለበሰውና፣ «የኔ ወንድም፣ አንተ ጉንጭህን ብቻ ንፋ፣ የቀረውን ማሽኑ ያውቃል» አለው። ቀልድ አልነበረም። በዚያ ዓለም ባወቀው ቤት መድረኩ ላይ ከተቀመጡት ሙዚቀኞች አንድም የሚነፋ፣ አንድም የሚመታ የለም። ዜማው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይወጣል፤ እነሱ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ትከሻቸውን ይወዘውዛሉ። አንዱ ድንገት ትንፋሽ አምልጦት ማሽኑን እንዳያበላሽ ደግሞ ትራምፔቱ አፍ ውስጥ ካልሲ ይጠቀጠቃል።

እኔ የደረስኩበት በዚሁ ካልሲ ነው። ከከረጢቱ ውስጥ ጥንድ የሌላቸው፣ ምራቅ የደረቀባቸው፣ ነሐስ ነሐስ የሚሸቱ ካልሲዎች ይወጡልኝ ጀመር። አንድ ቀን ወንድሜን፣ «ወንድም ጋሼ፣ እናንተ ቤት የሚጨፍሩት አንድ እግር ያላቸው ሰዎች ናቸው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ቁጭ ብሎ ሁሉን ነገረኝ።

«እና ለምን ጥለህላቸው አትወጣም?» አልኩት ደሜ ፈልቶ።

«ወጥቼስ የት ልግባ? የጎዳናው ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። ዞሬ አይቼዋለሁ።»

«ሰዉ አያውቅም?»

«ሰው ሊሰማ አይመጣም እህቴ፣ ሊታይ ነው የሚመጣው። ለእማዬ ብቻ እንዳትነግሪብኝ፣ በሞቴ።»

እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? እናቴ በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ኩራት የላትም። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ዓይኗ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እያቃተው ነው፣ ጉልበቷ ደረጃ ላይ ይከዳታል። ያላት «ልጄ እኮ ነው የሚነፋው» የምትላት አንዲት ቃል ናት። ያችን ከወሰዱባት ምን ይተርፋታል? ወንድሜም የሚፈራው ይህንኑ ነበር። «ወስደህ አሳየኝ» ባለችው ቁጥር «ማታ ነው እማዬ፣ ብርድ ይመታሻል፣ ሰካራም ይገፈትርሻል» እያለ ያመካኛል።

አይ ሽቶ! የማታው አልበቃው ብሎ «ለቤተሰብ» የሚል የእሑድ ከሰዓት ዝግጅት ጀመረ። እናቴ በሬዲዮ ሰማች። «እሑድ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። አሁንስ ምን ሰበብ ታመጣለህ?» አለችው። ያመጣው ሰበብ የለም። ቅዳሜን እህል ሳይቀምስ ዋለ፣ ለኔም ቀስ ብሎ «ከኋላ አስቀምጫት፣ ቶሎ ብለሽም ይዘሻት ውጪ» አለኝ።

እናቴ ሻሽ ስታማርጥ አረፈድን። ቤቱ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ስንወርድ እጄን ጨብጣ ቆመችና «ምነው፣ መስኮት የለውም እንዴ?» አለች። የለውም። ቢኖረውማ ጉዱ ይታይ ነበር። ምንጣፉ ጫማ ይዞ አልለቅም ይላል፣ ሶፋው በሲጋራ ተበሳስቷል፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል የሚመጣውን እንኳን አፍንጫ ዓይንም አይችለው። ይህን ሁሉ በቀይ መብራት አጥለቅልቀው ውበት ብለውታል። ሰዉ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ በስልኩ የራሱን ፊት ያነሳል፣ ያነሳውን አይቶ ደግሞ ይስቃል። ወደ ሙዚቃው የዞረ አንድ ሰው አላየሁም።

ወንድሜ በቀይ ኮቱ ተቀምጦ ጉንጩን ነፍቷል። ዜማው፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል፤ ማን እንደነፋው፣ የት አገር እንደነፋው ግን እግዜር ይወቅ። እናቴ «የኔ ልጅ ነው» አለች፣ ሰው እንዲሰማላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ወንድሜ ቀና ሲል አያት።

እኛ ቤት እናት ስትገባ ልጅ ተቀምጦ አይጠብቃትም። ቢታመም እንኳ ክንዱን ተመርኩዞ ይነሳል። ማንም አስተምሮን አይደለም፣ እግራችን ራሱ ያውቀዋል። ያን ቀንም ወንድሜን ያነሳው እግሩ ነው። ብድግ አለ፣ ትራምፔቱን ከአፉ አወረደ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከወገቡ ጎንበስ አለላት። ትራምፔቱ ግን ቀጠለ። እሱ እንዳጎነበሰ ዜማው ከግድግዳው ላይ እያማረ፣ እየቀጠነ፣ ወደ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ቀጥሎ ጠረጴዛዋ፣ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ። ስልክ ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ፤ መድረክ መኖሩን ገና ያን ጊዜ አዩት! ወንድሜ እንዳጎነበሰ ቀረ፣ ቀና የሚልበት ፊት አልነበረውም።

«ማነው የሚነፋው?» አለችኝ እናቴ።

መልሴን ሳትጠብቅ እጄን ለቀቀችና በጠረጴዛዎቹ መካከል እያነከሰች ወደ መድረኩ ሄደች። ትራምፔቱን ከወንድሜ እጅ ተቀበለችው። አገላብጣ አየችው፣ እጇን አፉ ውስጥ ሰደደችና ካልሲውን ጎትታ አወጣችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የዝግጅቱ አካል መስሏቸዋል እኮ! እንባቸውን እየጠረጉ ያጨበጭባሉ፣ «ይደገም! ይደገም!» ይላሉ። እናቴ ካልሲውን በጣቷ አንጠልጥላ አንድ ባንድ አየቻቸው። ያን ያህል ሰው ባንድ ላይ በእናት ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትራምፔቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴትዮ ምንም አላወራችም። ማታ ወንድሜ እንደገባ ትራምፔቱን አቀበለችውና «በል ንፋ፣ ራስህ» አለችው። ነፋ። የወጣው አየር ነው። ደገመ፤ ግልገል የታነቀ የሚመስል ድምፅ ወጣና ቆመ። ከንፈሩ ሥራውን ረስቷል። ካልሲ ላይ ሲያስመስል በከረመ ከንፈር አይነፋም። እናቴ አላለቀሰችም። «ግድ የለም ልጄ፣ ይመለስልሃል። ጠዋት ጠዋት ንፋ፣ እየሰፋሁ እሰማሃለሁ። ያን ጉድጓድ ግን ሁለተኛ እንዳትረግጠው» አለችው።

እግሯ ላይ ወድቆ እሺ አላት። እውነትም ያን ሰሞን ሲነጋ እየተነሳ ነፋ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ጠራለት፣ ቀጥሎ ሌላ። ጎረቤቱ «በዛ እንጂ» ሊል አስቦ እናቴን ፈርቶ ተወው። እናቴም የሚያስቸግረው ቦታ ላይ ሲደርስ መኪናዋን መርገጥ ታቆምለታለች። እኔ «እሰይ፣ ከዚያ ቆሻሻ ወጣልን» አልኩ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ እንደሆነ ረስቼው።

ሽቶ ቤታችን ድረስ መጣ። ስልኩን ከፍቶ «እማማ፣ ከተማው በሙሉ የሚያወራው እርስዎን ነው! ይኸው ይዩት!» አለ። «ማታ ማታ መጥተው ካልሲዋን መዘዝ ማድረግ ብቻ ነው። መኪና እልክልዎታለሁ።»

እናቴ ከስፌቷ ቀና አላለችም። «እኔ ልጄን ልሰማ ነበር የመጣሁት። መሳቂያ የሚፈልግ ሌላ ይፈልግ።»

ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ያፍራል? «እሺ፣ ሌላ እንፈልጋለና» አለ እየሳቀ፣ ወንድሜን እያየ።

ፈለገ፣ አገኘም። ማስታወቂያ ላይ የምትታይ አንዲት አሮጊት ቀጠረ። ወንድሜም ተመልሶ ገባለት። ምሽት ሲሆን ሴትዮዋ ደረጃውን እያነከሰች ትወርዳለች፣ ወንድሜ ብድግ ብሎ ያጎነብስላታል፣ ትራምፔቱ ብቻውን ያንቆረቁራል፣ እሷ ካልሲውን ትመዛለች፣ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ሁለት ዙር ነው፣ ሰው ስለበዛ። ጋዜጣው «የከተማችን ምሽት አዲስ ጥበብ» ብሎ ጻፈለት። ጥበብ! የሴትዮዋ ሻሽ በከረጢት ሆኖ ለኔ ይመጣል። የእናቴን ሻሽ አስመስለው ነው ያሰፉት፣ ቀለሙ ሳይቀር። ከሌላው ለይቼ ለብቻው አጥበዋለሁ።

«እንዴት እሺ አልካቸው?» አልኩት ወንድሜን።

«የምሬን ስነፋ እኮ ስሜን የጠየቀኝ የለም» አለኝ። «አሁን መንገድ ላይ ያቆሙኛል። አብረውኝ ፎቶ ይነሳሉ።»

«እማዬስ?»

«እማዬ ይገባታል።»

የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬ ጨረስኩ። እሱ ጫማውን ይወለውል ነበር። ጠዋት ጠዋት መንፋቱንም ተወ፣ ይደክመኛል እያለ።

ክፉ ልጅ ነው እንዳትሉብኝ። እናቴን ጉልበቷን ሲያማት አዝሎ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው፣ ውሃ አሙቆ እግሯን የሚያጥባት እሱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ባለፈው አንድ ከሰዓት ላይ ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ልብስ እተኩሳለሁ። እናቴ የሰፋችውን ልብስ አድርሳ ገባች። ወንድሜ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ፣ ሊነሳ ተነቃነቀ፣ ከዚያ መልሶ ተቀመጠ።

«ይቅርታ እማዬ» አለ፣ «ወገቤን ነው። ትናንት ማታ ሁለቴ ተነስቻለሁ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ካውያውን ከጨርቁ ላይ ማንሳት ረሳሁ። «ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ፣ እኔ ምን ሆኜ» አለችው፤ ለማታውቀው ሰው በምትናገርበት ድምፅ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ያለበት ክፍል አትገባም። ኮቴዋን እሰማለሁ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ወጥቼ «ግቢ እንጂ እማዬ» ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። «ይረፍ፣ አላስነሳውም» ትለኛለች። እሱ እስኪወጣ ድረስ በረንዳው ላይ ጉልበቷን እያሸች ትጠብቃለች።