ባና የለበሰው ጂፕ

ከጎንደር በወጣንበት ዋዜማ፣ ጓዜን በመሸከፍ ፈንታ ከባሌ ጋር ስጣላ አመሸሁ። እናቴ ዳባት ሆና በእጇ ፈትላ ያሠራችልኝን ሁለት ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሴን፣ አስማረ በመቀስ እየቆራረጠ በጂፑ ውስጥ በሬንጅ ሲለጥፈው ደረስኩበት።

«ምነው አስማረ! የእናቴን ባና ለመኪና ታለብሰዋለህ?»

«ሱዳን ብርድ የለም» አለኝ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ። «የዚህን ጂፕ አፍ ካልዘጋንለት ግን እንጀራ የለንም።»

እውነቱን ነው። ጂፑን የገዛው ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር። ድሮ ጎንደር ሱቅ ነበረው፤ አሁን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገብቶ ሰሊጥ ይነግዳል። ጆሮውን ያመዋል። መኪናው ጸጥ ብሎ ከደረሰለት አስማረ ሾፌሩ ይሆናል፣ እኛም ከግቢው ቤት ይሰጠናል፤ ካልሆነ በመጣችሁበት ተመለሱ ብሏል። ያ ጂፕ ደግሞ ሲሄድ የቆርቆሮ ቤት ገደል የሚወርድ ነው የሚመስለው።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ «የሺ ምን ጎደለባትና ተሰደደች?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስኳር ነው የጎደለብኝ! አንድ ቀን ከአዘዞ ስንመለስ አስማረ ይህንኑ ጂፕ እየነዳ «ሱዳን እንሂድ?» ብሎኛል። በዚያ ጩኸት መሐል «ሱቅ እንሂድ?» ያለኝ መስሎኝ፣ ስኳር አልቆብን ነበርና ደስ ብሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ነገሩ የገባኝ ጎረቤቶቼ ሊሰናበቱኝ እያለቀሱ ሲመጡ ነው። ያን ጊዜማ በጉ ታርዷል፣ እንዴት ብዬ ልቅር?

ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። ባናው እውነትም ሠራ፤ ጂፑ ልክ እንደታመመ ሰው ማቃሰት ብቻ ሆነ። ወደ አይከል ስንቃረብ ከአጠገቤ አንድ የሚያስጨንቅ ድምፅ ሰማሁ።

«ምነው፣ ሆድህን አመመህ?» አልኩት።

«እየዘፈንኩ ነው» አለኝ።

ለካስ ባሌ ሲነዳ ይዘፍናል! ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ ሄጃለሁ፣ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ከዚያ እስከ መተማ ተኮራርፈን ሄድን፤ ኩርፊያችንም ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

መተማ ኬላ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ጠባቂ መኪናውን ዞረው ዞረው፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ባና በጣታቸው ወጋ ወጋ አደረጉት።

«ከዚህ ሥር ምን ደብቃችኋል?»

«ድምፅ ነው፣ አያ» አለ አስማረ።

«የምን ድምፅ?»

«የመኪናው።»

«ከየት ነው የጫናችሁት?»

«አብሮት የተፈጠረ ነው።»

«ካለ ታዲያ ምነው አይሰማ?»

«ስለደበቅነው ነዋ!»

«አየህ! መደበቅህን በራስህ አፍ አመንህ!» አሉና የበሩን ባና ከላይ እስከ ታች ገሸለጡት። ቆርቆሮው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ሲያዳምጡ፣ አስማረ ሞተሩን አስነሣው። ሽማግሌው ዘለው መንገድ ዳር ቆሙ። «መልሱት! መልሱት! ይህንንስ እኔም ብሆን እደብቀዋለሁ!» ብለው አሳለፉን።

ገዳሪፍ ሌላ ዓለም ነው። ዳባት ዓመቱን ሙሉ የምታየውን ሙቀት እዚያ ከቁርስ በፊት ታዩታላችሁ። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ዓይን የለውም፤ ከመሳሳቱ የተነሣ በእሱ አሻግሬ አስማረን አየሁት። ሰዉ ግን ሸጋ ነው፤ ሰላምታቸው ከእኛም ሰላምታ ይረዝማል። ነጭ ሰው ሁሉ «ኸዋጃ» ነው፤ ያኒም ኸዋጃ ያኒ ሆኗል።

ኸዋጃ ያኒ ወፍራም፣ መላጣ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። በማግሥቱ ጂፑን ሊፈትን ከአስማረ ጎን ገባ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። በዚያ ሐሩር ባናው እንደ ረጠበ በግ ይሸታል፤ ሬንጁ ቀልጦ ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። አለቀልን፣ ተመላሾች ነን ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ኸዋጃው ምንም አይናገርም። ዘንበል ብዬ ባየው እንቅልፍ ወስዶታል!

ሰሊጥ ከሚገዛበት እርሻ ስንደርስ ነቃና ወረደ። ባርኔጣው ግን አልወረደም፤ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። መላጣውን ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ ባርኔጣውን አየ፣ አስማረን አየ። አስማረ መሬት መሬት ያያል።

«ተወው» አለ ኸዋጃው በመጨረሻ፣ በጎንደር አማርኛው። «ነገ ስገባ እዚያው አጠልቀዋለሁ። ጆሮዬን ካመመኝ ወዲህ መንገድ ላይ ተኝቼ አላውቅም።»

እንዲህ ሆነን ቤት አገኘን፣ ገዳሪፍም ገብተን ቀረን።

ክረምቱ ሲወጣ ኸዋጃው በንግድ ቤቱ ስልክ ጎንደር አስደወለልኝ። በጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ልኬ ስለነበር እናቴ ከዳባት ወርዳ ስልክ ቤት ትጠብቀኝ ነበር። መስመሩ በየትኛው አገር ዞሮ እንደሚደርስ እንጃ፣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

«የሺ! ትበያለሽ?»

«እበላለሁ እማዬ!»

«ማን ተበላ?»

«እበላለሁ! ደህና ነኝ!»

ጥቂት ተንጫጫና በመሐሉ አንዲት ቃሏ ጥርት ብላ መጣች። «መቼ ትመጫለሽ?»

«አይሰማም እማዬ» አልኩ። «መስመሩ ይጮኻል፣ አይሰማም።»

«እኔም አይሰማኝም፣ ልጄ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።