የጋሽ አዘዘ ጋራዥ ስፋት

ብረት በያጁን ኢድሪስን በደንብ አውቀዋለሁ ማለት አልችልም። ፋሲሎ ሰፈር ያለው ሱቁ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። የደልጊ ልጅ መሆኑን፣ አባቱም ታንኳ ሠሪ እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የምጽፈው ሜትር የያዝሁለትን አንድ ጠዋትና ከወር በኋላ የተነጋገርነውን ብቻ ነው።

ያን ጠዋት ኢድሪስን ያስጠሩት ጎረቤቴ ጋሽ አዘዘ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካ ሾፌር ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና አለቻቸው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ድረስ ይነዱና ዓሣ ከሚያወርዱት ሰዎች ጋር በመስኮት አውርተው ይመለሳሉ። ከዚህ ሌላ ከቤት መውጫ የላቸውም። ከዓመት ወዲህ ግን ግራ ጉልበታቸው ታሟል። ኮሌጅ የምትሠራው ልጃቸው ሊድያ ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ ጉልበታቸው ካልዳነ መኪናዋ ትሸጣለች። እሳቸው ድኗል ይላሉ። መኪናዋ የምታድርበት የቆርቆሮ ጋራዥ ይሠራ ሲሉም ሊድያ የተስማማችው፣ ብትሸጥም እስከዚያው ቀለሟን ፀሐይ እንዳይበላው ብላ ነው።

ልኩን በወረቀት ጽፋ ጠበቀችን፤ ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ አምስት።

"መኪናዋ አንድ ከስድሳ ናት፤ ዘጠና ሴንቲ ይተርፋል" አለች። "ከግቢው የቀረው ወደ ሰርቪስ ቤቱ መተላለፊያ ነው።"

ኢድሪስ ወረቀቱን አንብቦ መለሰላትና ወደ ጋሽ አዘዘ ዞረ።

"ጋሼ፣ እስቲ መኪናዋ ውስጥ ይግቡና ይውረዱልኝ። ሦስት ጊዜ።"

"መንጃ ፈቃዴን ልታድስልኝ ነው እንዴ?" አሉ ጋሽ አዘዘ እየሣቁ።

"ለመኪናው ብቻ ከሠራሁማ ሾፌሩም እዚያው ሊያድር ነው። አምና አንዱ ልኩን ጽፎ አምጥቶ ልክ እንደጻፈው ሠራሁለት። መኪናው ገባ፤ ሰውየው በመስኮት ወጣ።"

ሊድያ ሣቀች። ጋሽ አዘዘ ገቡ። ልጃቸው እያየቻቸው ስለነበር በሩን ገርበብ አድርገው እንደ ጎረምሳ ፈጠን ብለው ወረዱ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፤ ግንባራቸውን ግን አላባቸው።

ሦስተኛውን ሲጀምሩ የሊድያ ስልክ ጠራና እያወራች ወደ ቤት ገባች። ጋሽ አዘዘ መግባቷን አዩ። ከዚያ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ግራ እግራቸውን ከጭናቸው ሥር በሁለት እጃቸው ደግፈው እንደ ዕቃ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ መላ ሰውነታቸውን አዙረው በሩን ተደግፈው ተነሡ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ኢድሪስ አልረዳቸውም። የሜትሩን ጫፍ አስይዞኝ ከመኪናዋ ጎን እስከ ተከፈተው በር ጠርዝ ለካ። አንድ ሜትር ከአሥር ሆነ።

"አየህ አይደል?" አሉት ጋሽ አዘዘ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ለካሁ" አለ ኢድሪስ።

ሊድያ ተመለሰች። "እሺ፣ ስንት ሆነ?"

"ስፋቱ ሦስት ሜትር ነው።"

"ግማሽ ሜትሩ ከየት መጣ?"

"ከብረቱ። ቱቦላሬው ስድስት ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። ለሁለት ስቆርጠው ሦስት ሦስት ሜትር ይሆናል። በሁለት ተኩል ከቆረጥሁት ግን ከያንዳንዱ አንድ ሜትር ይቀራል። ቁርጥራጩ ለምንም አይሆን።"

"ቀጥለህ አትሠራበትም፣ ጋሽ ኢድሪስ?"

"የተቀጠለ ብረት ለሐይቁ ነፋስ አላምነውም፣ እህቴ።"

ሊድያ ወደ አባቷ ዞረች። እሳቸው የጎማውን ንፋስ የሚያዩ መስለው ጎንበስ አሉ። ኢድሪስ በሦስት ሜትር ላይ ሲባጎ ወጠረ። ሊድያ መተላለፊያውን ለመሞከር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣችና በሲባጎውና በግቢው ግንብ መካከል ይዛው አለፈች። ሳፋው ሁለቱንም ወገን እየነካ አለፈ።

"ጠቧል፤ ግን ያሳልፋል" አለች። "ይሁን እንግዲህ፣ ለብረቱ ሲባል።"

"አዎ፣ ለብረቱ ነው" አሉ ጋሽ አዘዘም።

ጋራዡ በስምንት ቀን አለቀ። ጋሽ አዘዘ መኪናዋን ወደ ቀኙ ቆርቆሮ አስጠግተው ያቆማሉ፤ በግራ በኩል በሩ እንደ ልቡ ይከፈታል። ሲወርዱ ግድግዳው ስለሚከልላቸው ማንም አያያቸውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ መንዳታቸውን አልተዉም። ሊድያም ጉልበታቸው የዳነ ስለመሰላት የሽያጩን ነገር ማንሣት ተወች።

ከወር በኋላ የቤቴ በር ማጠፊያ ተሰብሮብኝ ወደ ኢድሪስ ሱቅ ሄድሁ። ደጁ ላይ የሌላ ሰው ጋራዥ ቋሚና አግዳሚ ተደርድሯል። ስፋቱን ብጠይቀው ሁለት ሜትር ከስድሳ ነው አለኝ። ከዚያው ቱቦላሬ የተረፈውን ቁርጥራጭ ደግሞ የአግዳሚ ወንበር እግር አድርጎ እየበየደው ነበር።

"ለምንም አይሆን ብለህ አልነበር?" አልሁት።

ፈገግ አለ። ያን ቀን ከወትሮው ይልቅ አወራኝ።

"አባቴ ታንኳ የሚያዘውን ሰው መጀመሪያ መሬት ላይ አስቀምጦ በባዶ እጁ ያስቀዝፈው ነበር። ሰው ሁሉ ይሥቅበታል። በታንኳ ወደ ጎርጎራ የሚመላለስ አንድ ሽማግሌ 'ጠበብ አድርጋት፣ ትፍጠንልኝ' አለው። አባቴ የሰውየውን የደከመ ወገብ አይቶ ሰፋ አድርጎ ሠራት። 'ምን ማድረግህ ነው?' ቢለው 'ያጨድሁት ደንገል በዛብኝ' አለው።"

"ሰውየው አመነው?"

"በታንኳዋ ሄደ።"

ማጠፊያዬን አንሥቶ መበየድ ጀመረ። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁት። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ሊድያ ትዝ አለችኝ።

"ኢድሪስ፣ ጋሽ አዘዘ በዚያ ጉልበት መንዳት አለባቸው ትላለህ?"

ማጠፊያውን ውኃ ውስጥ ነከረው፤ አወጣው፤ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ።

"ይህን እኔን አትጠይቀኝ" አለ።