ላሊበላ ላይ ባቡር ዋሻ ውስጥ ተቀረቀረ

ከባድ ዜና ነው፤ የቆማችሁ ተቀመጡ። ዛሬ ጠዋት ላሊበላ ላይ አንድ ባቡር ዋሻ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገድ ተዘግቷል።

«ባቡሩ ገና ወልድያም አልደረሰ» ትሉኝ ይሆናል። የጓደኛዬ የአስናቀ ባቡር ቀድሞ ገብቷል ባካችሁ።

አስናቀና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ አብረን ያቋረጥን ነን። አሁን ግን ያው ትምህርት ቤታችን ለነገው ኤግዚቢሽን ሥራህን አምጣ ብሎታል።

ባቡሩን ከሰርዲን ቆርቆሮ ሠርቶ ቀባው። ከዚያ የቀይ ድንጋይ ዱቄት በሙጫ ለውሶ እያሸ ዝገት አስመሰለው። ብታዩት ሃያ ዓመት ጅቡቲ የተመላለሰ ነው የሚመስለው! ተራራውን ደግሞ ከአንድ ድንጋይ ጠርቦ መሀሉን ዋሻ ፈለፈለለት። ሦስት ወር ለፋበት።

ዛሬ ባቡሩን ሲገፋው የጭስ ማውጫው ከዋሻው ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ቀጥ አለ።

«ቁረጠዋ! መላጣ ባቡር ይሁን» አልኩት።

አልሳቀም። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር የእኔም ቀልድ አብሮ ተቀረቀረ።

አባቱ አያ ሞላ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ጣሪያው ቢያጥርህ ወለሉ ምን ሆነ? አንተ ልጅ፣ የት አገር ነው ያደግኸው?» አሉት።

ሐዲዱን አስነሥተው ወለሉን በመሮ ጣት ያህል ዝቅ አደረጉለት። ባቡሩ ከነጭስ ማውጫው ሹልክ! አስናቀ ጉልበታቸውን ሊስም ሲደፋ እኔ በፉጨት የባቡር ጡሩምባ ነፋሁ።

እናንተስ ለፍታችሁ ለፍታችሁ በጣት ያህል የተቀረቀራችሁበት ጊዜ የለም? ጻፉልኝ፣ ቃል እገባለሁ፣ ብዙ አልስቅም።

ለነገሩ ጉዳዩ ትንሽ ነው። ባቡሩ ራሱ ሁለት ስንዝር አይሞላም፤ ነገ ስትመጡ እንዳትረግጡት።