የአባቴ አጭር ጠመንጃ

አጎቴ የሞተ ዕለት ለቀስተኛው "የቆቃው አዳኝ" እያለ ሲያሞግሰው ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ዝም አልኩ። በለቅሶ ቤት ክፉ አይነገርም። አሁን ግን እሱን ያሞገሱትም አልፈዋል፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ ዝምታዬን የማቆይለት ሰው የለኝም። ቆቃ ላይ ያንን ከርከሮ የጣለው እሱ አልነበረም።

ልጅ ሆኜ ከናዝሬት ወረድ ብሎ፣ የቆቃ ሐይቅ ዳር ነበር የምንኖረው። ዘመኑ የደርግ ነው። አያቴ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሁለት ጠመንጃ አውርሰዋል። ሁለቱም በአፈሙዛቸው በኩል ባሩድና እርሳስ የሚጎርሱ የጥንት መሣሪያዎች ነበሩ። አንዴ ከተተኮሱ እንደገና እስኪጎርሱ ድረስ አውሬው እዚያው መቆም አለበት፤ ለዚህ ነው ሰዉ "ቆመህ ጠብቀኝ" ይላቸው የነበረው። አጎቴ በኩር ስለሆነ ረጅሙን ወሰደ። ወገቡ ላይ የነሐስ ቀለበት ያለው፣ አፈሙዙ ቀጠን ያለ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በቅቤ የሚወለወል ጌጥ ነበር። ለአባቴ የደረሰው አጭሩ ነው። አፉ ሰፊ፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ፣ ሁልጊዜ የጭስና የላብ ሽታ ያለው። ረጅሙ ሩቅ ይደርሳል፤ አጭሩ ሩቅ አይደርስም፣ የነካውን ግን አያስነሳም። አባቴ እንዲህ ይል ነበር።

አባቴን ወባ ገደለው። በዓመቱ ገበሬ ማኅበሩ ሰበሰበን። ደህና ደህናው መሣሪያ ቀድሞ ተወስዷል፤ ከሁለቱ አሮጌዎች ደግሞ አንዱ ብቻ ለሰብል ጥበቃ እንዲቀር፣ ሌላው ግምጃ ቤት እንዲገባ ተወሰነ። ግምጃ ቤት የገባ ጠመንጃ ሲወጣ ያየ ሰው የለም። የአጎቴ ማሳ ከመንገዱ በላይ ስለሆነ ከርከሮ አይደርስበትም። የእኛ በቆሎ ግን ከርከሮ ከሚያድርበት ከሐይቁ ደንገል ጥግ ነበር። ያለ ጠመንጃ ከሰነበትን የምንበላው እንደማይኖር እኔ እንኳ በልጅነቴ አውቅ ነበር።

"የሷን ውሰዱት፤" አለ አጎቴ በአገጩ እናቴን እያሳየ፣ ለሊቀ መንበሩ ወንበር እያቀረበ። "ጠመንጃ መሰላችሁ? ሙቀጫ እኮ ነው!"

ሰው ሳቀ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። "ሙቀጫም ከሆነ፣ ጋሼ፣ ተኩሰን እንየው።"

"ማን ሊተኩሰው? አንቺ?"

"ታዲያ ሟቹን ልቀስቅስልዎት?"

ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ፣ በዚያ አገር ስለ አደን ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ፣ ጭናቸውን መታ አደረጉ። "ጋሪ ዳ! ጥሩ ተናገረች። ከርከሮው ራሱ ይፍረድ።" ሊቀ መንበሩም ለመሳቅ ያህል ተስማማ። አውሬውን የጣለው ጠመንጃ ይቀራል፣ ሌላው ግምጃ ቤት ይገባል።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ከሊቀ መንበሩና ከኦቦ ቱፋ ጋር ማሳችን ጫፍ ተጋድመናል። የሐይቁ ሽታ፣ የዓሣና የጭቃ፣ ከበቆሎው ጤዛ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። አጎቴ ባሩዱን ከቀንዱ ውስጥ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ ገለበጠ፤ ብዙ ባሩድ ሩቅ ይወስዳል ባይ ነበር። እናቴ ግን የእርሳሷን ድብልብል መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ እስክትሸፈን ድረስ ባሩድ አፈሰሰችባት። ከዚያ በጣቷ ጫፍ ጥቂት ቆንጥራ ወደ ቀንዱ መለሰች። "ይቺ ከጠገበች ትራገጣለች፤" አለችኝ በሹክሹክታ። አባቴን ወባው ሲያንቀጠቅጠው ባሩዱን የምትሰፍረው፣ ኋላም የምትተኩሰው እሷ ነበረች። ይህን ከቤታችን ውጪ ማንም አያውቅም ነበር።

አጎቴ እርሳሱን በዘንግ እየጠቀጠቀ ሳለ ከርከሮዎቹ ከደንገሉ ብቅ አሉ። ቸኮለ። ዘንጉን ከአፈሙዙ ሳያወጣ ቃታውን ሳበ። አገሩ ተናወጠ፤ ዘንጉ እያፏጨ በአውሬዎቹ ላይ አልፎ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ከርከሮዎቹም ጅራታቸውን አቁመው ፈረጠጡ።

"እኔ ጠመንጃ መስሎኝ፤" አሉ ኦቦ ቱፋ፣ "ለካስ ጦር ኖሯል!"

አጎቴ አልሳቀም። "በቃ፣ ሸሽተዋል፤ ወደ ቤት እንሂድ፤" አለ። እናቴ ከተኛችበት ቀና ሳትል "ቁጭ በሉ" አለች። "በቆሎ የቀመሰ ይመለሳል።"

ፀሐይ ወጥታ ጀርባችንን እስክታሞቀው ቆየን። ተመለሱ። ከፊት የነበረው ክራንቻው ወደ ላይ የተቆለመመ ወንድ ነው፤ አገዳውን በትከሻው ሰብሮ ያኝካል። እናቴ ጠመንጃዋን በክንዶቿ ላይ አጋድማ በደረቷ መሳብ ጀመረች። አጭሩ ጠመንጃ ሩቅ አይደርስምና መቅረብ ነበረባት። አውሬው ቀና ሲል ትደርቃለች፤ ሲያጎነብስ ትሳባለች። ከዚያ በፊት እናቴ ሽሮ ስትከካ፣ በቆሎ ስትፈለፍል፣ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ይህችን ሴት ግን አላውቃትም ነበር። የሚያኝክበት ድምፅ እሷ ዘንድ እንደሚሰማ ሲገባኝ አፈር ጨበጥኩ። ከርከሮው በድንገት ዞሮ አያት። አልተነቃነቀችም። ሁለቱ የሚተዋወቁ ይመስል ተያዩ።

ከዚያ ጭስ ሆነ። ነጭ ጭስ እናቴንም አውሬውንም ዋጣቸው፤ የሐይቁ ወፎች በሙሉ ተነስተው ሰማዩን አለበሱት። ጭሱ ሲገለጥ ከርከሮው እግሯ ሥር ወድቋል። እሷ ግን ተንበርክካ፣ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል፣ እንደገና ባሩድ እያጎረሰች ነበር። ሊቀ መንበሩ ኮፍያውን አወለቀ።

መልሶ እስኪያደርገው ድረስ ግን ልቡ ተመለሰ። "አጭሩ ይቀራል፤" አለ። "ያዡ ግን ወንድ ይሁን። ሴት ጠባቂ አቆምን ብለን ለወረዳው ምን እንላለን?" አጎቴ እጁን ዘረጋ። ኦቦ ቱፋ መሬት መሬት አዩ፤ ለሳቸውም ይህን አልረሳሁላቸውም። እናቴ አፈሙዙን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጠመንጃውን ሰጠችው።

ያን ክረምት እሷና እኔ ማማ ላይ ተቀምጠን ጣሳ እየደበደብን፣ በወንጭፍ እያባረርን የበቆሎውን ግማሽ አተረፍን። አጎቴ በሰፊው አፍ ባሩዱን እንደለመደው እየገለበጠ ይተኩሳል፤ ጠመንጃው ይራገጠዋል፤ እርሳሱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ትከሻውን በጨርቅ አስሮ ሲያልፍ እያየሁ "እማዬ፣ ልኩን ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት።

"መች ጠየቀኝ?" አለች።

ጠመንጃው በእጁ ስለቀረ ያ ከርከሮ ከጊዜ ጋር በስሙ ተነገረ፤ እሱም አንድም ከርከሮ ሳይገድል "አዳኝ" ተብሎ ተቀበረ።

ዛሬ ያ ዳርቻ በሽቦ ታጥሯል፤ ዘበኞቹ ክላሽ አንግተው ከሩቅ ይተኩሳሉ፣ የሚተኩሱበትን ፊት ማየት አያስፈልጋቸውም። የልጅ ልጆቼም መሣሪያ የያዘች ሴት በቴሌቪዥን ሲያዩ ቁብ አይሰጣቸውም። ደግ ነው፤ አይገረሙ። እኔ ግን ብዙ ጀግና የተባለ ሰው አይቼ፣ እንደ እናቴ ወደሚያስፈራው ነገር በደረቱ እየተሳበ የቀረበ አላየሁም። ያን ጠዋት ባሰብኩ ቁጥር፣ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ።