አባቴ ያደረበት መሬት

ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን አባቴ የከብቶቹን በረት አንድ ቦታ አያቆይም ነበር። በበጋ ከብቶቹ ጥቂት ሌሊት አድረውበት መሬቱ ፍግ ሲጠግብ፣ አጥሩን ነቅሎ ወደ ጎን ያዛውረዋል። እሱ ከብቶቹን ሲጠብቅ የሚያድርባትን ትንሽ የሣር ጎጆም እኛ ልጆቹ ዙሪያዋን ይዘን፣ እየተሳሳቅን እንሸከምለታለን። ከዚያ ድንገተኛ ዝናብ ፍጉን ጠርጎ እንዳይወስድበት ከማሳው በላይ ቦይ ይቀድዳል።

ክረምት ሲገባ ድንቹ እንደ ጉድ ይለመልማል። ጎጆዋ የቆመችበት ቦታ ግን ፍግ ስላላገኘ ይሳሳል። በአረንጓዴው መሃል የሰው ቁመት የሚያህሉ ቢጫ ቦታዎች ተከታትለው ይታያሉ። እናቴ በጣቷ እያሳየች፣ «አባታችሁ መጀመሪያ እዚያ አደረ፣ ቀጥሎ ደግሞ እዚያ» ትለን ነበር።

አባቴ ሲሞት እኔ ቆሰበር ከተማ አግብቼ እኖር ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ሄጄ ቢጫዎቹን ቦታዎች አገኘኋቸው። እያንዳንዳቸው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ።

ወንድሞቼ ከብቶቹን ሸጡ። በረት ማዛወር የድሮ ሰው ልፋት ነው አሉኝ። ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ባጃጅ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

በቀጣዩ ክረምት ናፍቆቱ አላስቀምጠኝ ብሎ እንደገና ሄድኩ። ቦታዎቹን ፈልጌ አጣኋቸው። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኖ፣ ሁሉም አባቴ ያደረበትን መስሏል።